ሆደ ሰፊ ነበርኩ

ድሮ ሰው ሁሉ «ሆደ ሰፊ ነህ» ይለኝ ነበር። ግማሹ ትዕግሥቴን አይቶ፣ ግማሹ ቀበቶዬን አይቶ። ዛሬ ሁለቱም የሉም። ትዕግሥቴን «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው?» የሚለው ጥያቄ ጨረሰው፤ ሆዴን ደግሞ ሐኪም ከአምስት እጅ አራቱን ቆርጦ ወሰደው።

ስሊቭ ይሉታል። በትናንሽ ቀዳዳ ይገቡና ጨጓራን በቁመቱ ቆርጠው፣ ጠርዙን በስቴፕለር እየሰፉ፣ ሙዝ የመሰለች ቀጭን ቱቦ ያስቀሩልሃል። አዎ፣ ስቴፕለር፤ የቀበሌ ፋይል የሚያያዝበት ሩቅ ዘመዱ ነው። የእኔዋ ቱቦ ከሁለት ስኒ ቡና እምብዛም አታልፍም። አቦልን ትቀበላለች፣ ቶናን እያጉረመረመች ታስገባለች፣ በረካ ሲመጣ «ቤቱ ሞልቷል» ብላ በር ትዘጋለች። ባይፓስ የተሠራ ሰው ደግሞ ከእኔም ይብሳል፤ ለእሱ የሚተዉለት የአረቄ መለኪያ የምታህል ከረጢት ናት፣ አንጀቱንም አዙረው ይቀጥሉለታል። «አንጀቴን አራስከው» ካላችሁ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም ነገር ፈሳሽ ነው። ውሃ፣ ከዚያ ሾርባ፣ ከዚያ የፕሮቲን ሼክ፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ የላመ፤ እህል የሚመስል እህል ለመቅመስ ሁለት ወር ገደማ ሄደብኝ። አንድ ጎረቤቴ ሊጠይቀኝ መጥቶ የአጃ አጥሚት ስጠጣ አገኘኝ።

«ምነው፣ አራስ ሆንክ እንዴ?»

«አዎ፤ የተገላገልኩት ሆዴን ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቡና የምንጠጣበት ቦታ አንድ ሸንጎ አለን። ታክሲ የሚነዳ፣ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ሁለት ጡረተኞች፣ አንድ ሁልጊዜ «ነገ አገሬ እገባለሁ» የሚል። ወፍራም ሳለሁ የዚህ ሸንጎ ተረብ ቋሚ ደንበኛው እኔ ነበርኩ። «ከመወፈርህ የተነሳ የፓስፖርት ፎቶህ በኤ ፎር ነው የሚታተመው» ሲሉኝ ኖረው፣ ስከሳ የሚያርፉ መስሎኝ ነበር። ምን ያርፋሉ! «ከመክሳትህ የተነሳ በር ከፍተህ ስትገባ ነፋስ መስሎን ዘጋነው» አለኝ ባለታክሲው ገና በመጀመሪያው ቀን።

«አንተስ ከመወፈርህ የተነሳ ጂፒኤሱ ሁለት አድራሻ ይሰጥሃል።»

«እዚያ ሱሪ ውስጥ ብቻህን ነህ?»

«ግማሹን አከራይቼዋለሁ። በሲልቨር ስፕሪንግ የቤት ኪራይ ባዶ ክፍል ዝም ተብሎ ይተዋል?»

«እውነቱን ንገረን፤ ኦዜምፒክ የሚሉት የክሳት መርፌ ነው አይደል?»

«ኦዜምፒክማ ቢሆን እንደ አንተ ተደብቄ እወጋ ነበር። እኔ ደረሰኝ አለኝ።» ሸሚዜን ገለጥ አድርጌ አምስቱን ትናንሽ ጠባሳዎች አሳየሁት። ከዚያ ወዲህ ኦዜምፒክን አንስቶ አያውቅም። እሱም ሰሞኑን ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ አጥብቋል፤ አልጠየቅሁትም።

ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያለው ግን ይከፋል። እዚያ ያለው ሹክሹክታ ነው። አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ለእኔ ብቻ ንገረኝ፤ ምንድን ነው የያዘህ?» አሉኝ። «እትዬ፣ ጤነኛ ነኝ፤ ሆዴን ነው ያስቀነስኩት። ደግሞ አደራ፣ ለማንም እንዳይነግሩ።» «እሺ ልጄ፤ ብቻ ለማን ለማን እንደማልነግር ስማቸውን ንገረኝ።»

እኔ ጥፋተኛ የማደርገው አማርኛን ነው። አማርኛ ያለውን ንብረት ሁሉ የሚያስቀምጠው ሆድ ውስጥ ነው። ቂሙ ሆድ ውስጥ፣ ፍርሃቱ ሆድ ውስጥ፣ ናፍቆቱ ሆድ ውስጥ፣ ምስጢሩ «ሆድ ይፍጀው»። የእኔ መጋዘን ደግሞ ፈረሰ። አሁን ምስጢር ሊነግረኝ የመጣውን ሁሉ «ቦታ የለኝም፣ ሌላ ቤት ሞክር» እያልኩ እመልሳለሁ። ሆደ ባሻም ሆኛለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ትንሽ ነገር ስትገባ ወዲያው ይሞላል።

በዚህ ሁሉ እስቃለሁ። የማልስቅባት አንዲት ንግግር አለች፤ እሷንም ሁሉም ሰው በቅንነት ነው የሚላት። «አሁንማ ምን አለብህ! የምትበላው ትንሽ ነው፤ ቅቤ ምን ታደርግሃለች?»

ሌባ በጠባብ በር አይገባም ያለህ ማነው? የጠበበው ጨጓራዬ ነው እንጂ የልቤን ደም ሥር ማንም አላሰፋልኝም።

ነገሩ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው። ለልብ ይስማማል የሚባለው ምግብ ለአዲሷ ጨጓራ ጭንቅ ነው። ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ሥጋ እንደ ቪዛ ጠያቂ በር ላይ ይገተራል። ሃያ ሠላሳ ጊዜ ታኝከዋለህ፤ ከቸኮልክ ደረትህን ትይዛለህ፣ ምራቅህ አፍህን ይሞላዋል፣ ዓይንህ መታጠቢያ ቤቱን ይፈልጋል። ቅቤ ግን የዲፕሎማት ፓስፖርት ይዞ ነው የሚመጣው። አይስክሬም፣ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ፣ መሐሉ የቅቤ ኩሬ ያለበት ገንፎ ሁሉ ሳይፈተሹ ያልፋሉ። ቱቦዋ የምታውቀው ሞላ ወይም አልሞላ ነው። ካሎሪ ማንበብ አልተማረችም፣ ስለ ልብ ደግሞ ማንም አልነገራትም።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከጭኮ ነው።

እህቴ ከአዲስ አበባ መንገደኛ ስታገኝ ጭኮ ትልክልኛለች። በሶው በንጥር ቅቤ ታሽቶ፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ተጠቅጥቆ፣ በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ በሰው ሻንጣ ውስጥ በሸሚዝና በካልሲ መሐል ይደርሳል። የመንገደኛው ልብስ ሳምንት ሙሉ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር እንደ ሳሙና ይጠጥራል። ሌሊት እነሳና በሻይ ማንኪያ ጥግ ጥጉን ፈልፈል አድርጌ ምላሴ ላይ አኖረዋለሁ። አይታኘክም። መጀመሪያ በሶው ይፈርሳል፣ ቀጥሎ ቅቤው ይለቀቃል፣ መጨረሻ ላይ ኮረሪማው በአፍንጫ ይወጣል። እኔ በባዶ እግሬ ቆሜ፣ የፍሪጁ መብራት ሆዴ ላይ እየበራ፣ ዓይኔን ጨፍኜአለሁ። አንድ ማንኪያ። አንድ ማንኪያ ምን አላት? ሁለት። ቀን በአንድ እንቁላል «በቃኝ!» ብላ የምትጮኸው ጨጓራዬ ትንፍሽ አትልም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፤ እኔ ቤት ጭኮ ማታ ሆነ።

በዓመቱ ለምርመራ ሄድኩ። 72 ፓውንድ ወርጃለሁ። የደም ግፊቴ ወርዶ ከሁለት ኪኒኖች አንዱን አስጥለውኛል። ስኳሬ ተስተካክሏል፣ ትራይግሊሰራይዱም ወርዷል። መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል የሚሉት፣ 128 ሆኖ ገብቶ 151 ሆኖ ወጣ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ «አንተ ስትወርድ እሱ ሲወጣ ደረጃው ላይ ተላለፋችሁ?» አለኝ። ፈረንጅም ይተርባል ለካ። ስሊቭ ትራይግሊሰራይድን እንደሚያወርድ፣ ኤልዲኤል ላይ ግን ብዙም ጉልበት እንደሌለው፣ በዚህ በኩል ባይፓስ እንደሚሻል አስረዳኝና፣ «እኔ የምቆርጠውን ቆርጬአለሁ፤ የቀረው በአፍህ በኩል ነው» ብሎ ወደ ምግብ ባለሙያዋ ላከኝ።

እሷ ናት ያስደነገጠችኝ። «በቀን ስንት ካሎሪ ትበላለህ?» አለችኝ። «1200 ቢሆን ነው» አልኩ፣ እንደ ሰማዕት አንገቴን ደፍቼ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር የሚለውን ነገረችኝ። የሚረጋው ስብ፣ እነሱ ሳቹሬትድ የሚሉት፣ እኛ አገር ቤት በሚረጋ ዘይት የምናውቀው ዓይነት፣ ኮሌስትሮሉን ማውረድ ላለበት ሰው ከቀኑ ካሎሪ 6 በመቶ እንዳያልፍ። ከ1200 ላይ 6 በመቶ 72 ካሎሪ ነው፤ በግራም 8። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን 7 ግራም ይዟል። ሲነጠር ደግሞ ውሃው ስለሚተን ከዚያም ይበረታል።

«ስለዚህ አንድ ግራም ይቀረኛል ማለት ነው?»

«ሌላ ምንም ካልበላህ።»

«አንድ ግራም ምን አደርገዋለሁ?»

«አሽትተው።»

ኢንሹራንሴ ተረብም እንደሚሸፍን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ቆይቶ የገባኝ ግን ሌላ ነው። በቀን 2000 ካሎሪ የሚበላ ሰው በዚሁ ሒሳብ 13 ግራም ይፈቀድለታል። እኔ መብላቴን ስቀንስ ኮታዬም አብሮኝ ከሳ። «ትንሽ ስለምትበላ ቅቤ አይጎዳህም» የሚሉኝ ሁሉ ሒሳቡን ገልብጠው ነው የያዙት፤ ትንሽ ስለምበላ ነው የሚጎዳኝ። በሁለት ስኒ ቤት ውስጥ አንድ ማንኪያ ቅቤ ከገባ ሌላው እንግዳ ሁሉ ውጭ ያድራል።

ይህን ለሸንጎው አቀረብኩ። አንደኛው ጡረተኛ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ፣ «ታዲያ ለምን ተቆረጥክ? እንደ ድሮው ወፍረህ ቅቤህን አትበላም ነበር?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ስዊድኖች ከ1987 ጀምሮ ሲከታተሉት የኖሩት ጥናት አለ፤ በቀዶ ጥገና የቀነሱት ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በልብ ሕመምና በስትሮክ የሚያዙትም የሚሞቱትም ያነሱ ናቸው። ውለታ ተውሎልኛል። ውለታን ደግሞ በጭኮ አይመልሱም።»

«ስዊድኖቹ ጭኮ መቼ ቀምሰው ያውቃሉ?» አለና ጋዜጣውን መልሶ ከፍ አደረገ። ለዚህ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

አሁን ምን ትበላለህ ለሚለኝ፦ ፕሮቲን መጀመሪያ። ቢያንስ በቀን 60 ግራም ብለውኛል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ነው ሲሉኝ «አሥር እንቁላል? ዶሮዋም አትችለው!» አልኩ፤ ዓሣ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ቆዳ የሌለው ዶሮ ይደማመሩበታል። አይብ በጣም ረድቶኛል። ባለታክሲው ሳህኔን አይቶ «አይብ ቅቤ አይደለም እንዴ?» ብሎ ሊያጋልጠኝ ሞከረ። አይብ እኮ ወተቱ ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ በቀረው አሬራ ነው የሚሠራው፤ ከቅቤ የተፋታ ነው። ክትፎ ቤት ስትሄድ ግን ሽማግሌ ልከው ያስታርቋቸዋል፣ እዚያ ተጠንቀቅ። ቅቤውንም ቢሆን የሚናፍቀኝ ግማሹ ቅመሙ እንደሆነ ደርሼበታለሁ። ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱንና በሶብላውን በጥቂት የሱፍ ዘይት ለስ ባለ እሳት ላይ ባቆያቸው ሽሮዬ ይታለላል። እኔም እታለላለሁ።

እንጀራውን አታንሱብኝ። እርጥብና ለስላሳ ነው፣ ጠባብ ጨጓራ ውስጥ ሲገባ ያብጣል፣ ይድቦለቦላል፣ የምስሩን ቦታ ይወስዳል። እንጀራ ፍለጋ ውቅያኖስ ተሻግሬ መጥቼ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ሦስት ጣት በምታህል ቁራሽ ቆምኩ። ወጡን በማንኪያ ነው የምበላው። «ፈረንጅ ሆንክ» ይሉኛል። ፈረንጅማ ብሆን ጭኮው አያነቃኝም ነበር።

ጾም ሲገባ ደግሞ «አንተ ምን ቸገረህ፣ ሁሉም የልብ ምግብ ነው» ይባላል። ሳምቡሳ ምስር ስለያዘች ጾመኛ ናት፤ ግን ዘይት ውስጥ ዋኝታ ነው የመጣችው። የጾም ቅቤ የሚባለውንም ማሸጊያውን ገልብጦ ማንበብ ነው። ፓልም ዘይት ከሆነ ግማሽ ያህሉ ያው የሚረጋ ስብ ነው። ስሙ ጾመ እንጂ ስቡ አልጾመም። ጨው የቀኑ ሁሉ ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ያውም ሚጥሚጣውና ዳቦው ውስጥ ያለው ተቆጥሮ። ከምግብ ጋር ውሃ የለም፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። ቪታሚኑ ዕድሜ ልክ ነው። ካልሲየሙና ብረቱ ደግሞ እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች በሁለት ሰዓት ልዩነት ነው የሚገቡት፤ አንድ ላይ ካገኘሃቸው አንዱ ሌላውን አያሳልፍም።

ፋሲካ መጣ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አሌክሳንድሪያ አክስቴ ቤት ነን። 55 ቀን የጾመ ቤተሰብ ዶሮ ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ ጸሎቱ ሲያጥር «አሜን»ው ይበረታል። አሥራ ሁለቱ ብልት፣ አሥራ ሁለቱ እንቁላል፣ ላዩ ላይ ቅቤው ቀይ ሆኖ ተንሳፍፎ አምፖሉን ያሳያል። አክስቴ መጀመሪያ ተልባ አዞረች፤ እናቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገው፣ ከዶሮው በፊት ሆድ ይለስልስ ብላ። የምግብ ባለሙያዋ ለልብ ጥሩ ነው ያለችኝን፣ በትንሽ ከረጢት የሸጡልኝን ተልባ በቁና ሲጠጡት ያደጉ ሰዎች መሐል ነው የተቀመጥኩት። እሱን ጠጣሁ፣ ጠበቅሁ፣ ትንሽ ሳህን አወጣሁ።

«ይሄ የስኒ ማስቀመጫ አይደለም እንዴ?» አለች አክስቴ።

«ጨጓራዬም የስኒ ናት፣ አክስቴ።»

አልሰማችኝም። እጇ ሥራ ጀምሯል። አክስቴ ጉርሻ ስትጠቀልል ሕፃን የምታቅፍ ነው የምትመስለው፤ ዶሮው መሐል፣ እንቁላሉ ተፈርክሶ ጎኑ፣ ቁሌቱ ዙሪያውን፣ እንጀራው ላዩ ላይ። ግማሹን በጥርሴ ቆርጬ ተቀበልኩ። አሥራ አራተኛው ማኘክ ላይ ሳለሁ ሁለተኛው ሕፃን አፌ ላይ ደረሰ።

«አንድ ያጣላል!»

«ሁለት ደግሞ ያስመልሳል፣ አክስቴ።»

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቁ አበረታኝና ሒሳቤን ዘረገፍኩት፤ 1200ውን፣ 6 በመቶውን፣ 8 ግራሙን፣ ማንኪያ ቅቤው የያዘውን 7 ግራም፣ የቀረችኝን አንዲቷን ግራም፣ «አሽትተው» እስከተባለው ድረስ። ሰው ሁሉ እጁን ወጡ ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። አክስቴ ሰምታ ሰምታ እጇን በናፕኪን ጠረገች።

«የቆረጠህ ሐኪም ቦታ ተሳስቷል።»

«ምኑን ነው የተሳሳተው?»

«መቁረጥ የነበረበት ምላስህን ነው።»

ከዚያ በኋላ ያን ሌሊት ማንም እኔን አልሰማኝም።

ስወጣ እንደ ልማዷ ፌስታል አስያዘችኝ። መኪና ውስጥ ሆኜ ዶሮውን ላለማሽተት መስኮት ከፍቼ ነው የነዳሁት። ቤት ገብቼ ክዳኑን ስከፍተው ግን ዶሮው የተለየ ነው። ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር የለም፤ ሽንኩርቱ በደንብ በስሎ፣ ቁሌቱ ደርቆ፣ ሥጋው ከአጥንት ተለቅሞ እኔ እንደማኘከው ደቅቋል። ለእኔ ብላ ሌላ ድስት ጥዳ ኖሯል፤ ሳትነግረኝ። ጥግ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል በፎይል የተጠቀለለች ነገር አለች። ፈታኋት። ንጥር ቅቤ።

ደወልኩ። እንቅልፍ ላይ የነበረች አትመስልም።

«አክስቴ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«አንድ ግራም ናት። በወርቅ ሚዛን ነው ያስመዘንኳት።»